የስምንተኛው ኬክሮስ መስመር
ምዕራባውያን መንግሥታት ለወረራና ለፕሮፓጋንዳ የሰጡት ምላሽ፦ ከወልወል እስከ ዩክሬን

1. መግቢያ

ከአዳማ ተነሥቶ የአዋሽን ወንዝ መልካሳ ላይ የሚሻገረው አውራ ጎዳና በዴራ ከተማ በኩል አልፎ ቀስ በቀስ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ወደ አሰላ ይወጣል። ዴራ የምትገኘው ከስምንተኛው ዲግሪ ሰሜናዊ ኬክሮስ በስተ ሰሜን ነው። አሰላ ደግሞ ከዚሁ መስመር ጥቂት ብቻ ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ ትገኛለች። በካርታ ላይ ካልሆነ በቀር ይህ መስመር በምድሩ ላይ አይታይም፤ ገበሬው ሲያርስ፣ ነጋዴው ከገበያ ሲመለስ ሳያውቀው ይሻገረዋል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በፓሪስ ከተማ ተገናኝተው ባረቀቁት የሰላም ዕቅድ ላይ ይኸው መስመር የደቡብ ኢትዮጵያ መለያ ወሰን ሆኖ ተሠምሮ ነበር። ዕቅዱ ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ ከዴራ ወደ አሰላ የሚሄድ መንገደኛ ለኢጣሊያ ብቻ ወደ ተከለለ ምድር ይገባ ነበር።

በትምህርት ቤት ስለ 1928ቱ ጦርነት ሲነገር ትረካው ብዙውን ጊዜ ከወልወል ተነሥቶ በማይጨው ያበቃል። በመካከሉ በጄኔቭ፣ በለንደንና በፓሪስ የተደረገው ነገር «የዓለም መንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን ከዳት» በምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ክህደቱ በምን መንገድ እንደ ተፈጸመ ለተማሪው አያስረዳም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማሳየትና በዘመናችን በዩክሬን ላይ ከደረሰው ወረራ ጋር በማነጻጸር ለታሪክ ትምህርት ያለውን ፋይዳ ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

2. ቃል ኪዳንና ዝምታ

ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነበር። የማኅበሩ ቃል ኪዳን 10ኛ አንቀጽ የአባል አገሮችን የግዛት አንድነትና ነፃነት እንዲያስከብሩ አባላቱን ያስገድዳል። 16ኛው አንቀጽ ደግሞ ቃል ኪዳኑን ጥሶ ጦርነት በሚከፍት መንግሥት ላይ ቅጣት እንዲጣል ይደነግጋል። ከዚህም በላይ ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኢጣሊያ የወዳጅነትና የግልግል ውል ተፈራርመው ነበር። ስለዚህ ወረራው በመጣ ጊዜ የሕግ ጉድለት አልነበረም።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ወልወል በተባለው የውኃ ጉድጓድ ስፍራ ግጭት ተነሣ። ስፍራው ከድንበሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ኢትዮጵያ ግዛት ገባ ያለ ነው። ይህ ከሆነ አንድ ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል በሮም ከሙሶሊኒ ጋር ስምምነት ተፈራረመ። በሚያዝያ 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ መሪዎች በስትሬዛ ተሰብስበው ስለ አውሮፓ ሰላም ሲመክሩ የኢትዮጵያ ጉዳይ በይፋ አልተነሣም። ሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት ከሁሉ አስቀድመው ያሰቡት ኢጣሊያን ከሂትለር ጀርመን አርቀው ከጎናቸው ለማቆየት ነበር። ሙሶሊኒም ይህን ዝምታ እንደ ፈቃድ ቆጠረው። ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. የግልግሉ ጉባኤ ለወልወሉ ግጭት ከሁለቱ ወገኖች አንዱም ተጠያቂ አይደለም ሲል ፈረደ።

3. የወራሪው ፕሮፓጋንዳ

የግልግሉ ፍርድ በተሰጠ ማግስት የኢጣሊያ መንግሥት ለማኅበሩ ምክር ቤት ረጅም የክስ መግለጫ አቀረበ። ፍሬ ነገሩም ኢትዮጵያ ባሪያ ፈንጋይና ሥርዓት የሌላት አገር ስለሆነች ከሠለጠኑት መንግሥታት ጋር በእኩልነት ልትቀመጥ አይገባትም የሚል ነበር።

ከዚህ ላይ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። የባርነት ሥርዓት በኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ እውነት ነበር፤ መንግሥቱም በ1916 ዓ.ም. ባርነትን ቀስ በቀስ ለማጥፋት አዋጅ አውጥቶ ነበር። የኢጣሊያ ፕሮፓጋንዳ ኃይል ያገኘው ከፈጠራ ብቻ ሳይሆን ይህን እውነት ወስዶ ለሌላ ዓላማ በማዋሉ ነው። በአንድ አገር ውስጥ በደል መኖሩ ሌላው አገር መጥቶ እንዲወርራት መብት አይሰጠውም። ነገር ግን ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ሰነድ ውስጥ ተቀላቅለው ሲቀርቡ አንባቢው የመጀመሪያውን ሲያምን ሁለተኛውንም አብሮ ይቀበላል። በአውሮፓ ብዙ ጋዜጦች ይህን መንገድ ተከትለዋል። በለንደን ዴይሊ ሜይል ለኢጣሊያ ሲያደላ፣ የታይምስ ጋዜጣ ወኪል ጆርጅ ስቲር ግን በኢትዮጵያ ያየውን ለአንባቢው ያስተላልፍ ነበር።

በኢትዮጵያ በኩልም መልስ ለመስጠት ተሞክሯል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን በንግግርና በመዝሙር ሲያነቃቃ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ አማካይነት ለውጭ አገር አድማጮች ንግግር አሰምተዋል። ይሁን እንጂ የአንዲት ጣቢያ ድምፅ የሮምን የፕሮፓጋንዳ ድርጅት የሚመጥን አልነበረም።

4. ማዕቀቡና ያልነካው ነገር

ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በዓመቱ የመጨረሻ ዕለት፣ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር በጄኔቭ ተነሥቶ አገሩ ከማኅበሩ ቃል ኪዳን ጎን እንደምትቆም ተናገረ። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ድምፅ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተሳትፈው እጅግ የሚበዙት በወራሪ ላይ የኢኮኖሚ ቅጣት መጣሉን ደግፈው ነበር። ስለሆነም ንግግሩ በብዙ አገር ተስፋን አሳደረ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የጦርነት አዋጅ ሳያስነግር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ከአራት ቀን በኋላ የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት መክፈቷን አረጋገጠ፤ በጉባኤውም ከ54ቱ አባል መንግሥታት 50ዎቹ ይህንኑ ደገፉ። ኅዳር 8 ቀን ማዕቀቡ ሥራ ላይ ዋለ። የጦር መሣሪያ ለኢጣሊያ እንዳይሸጥ፣ ገንዘብ እንዳይበደራት፣ የኢጣሊያ ሸቀጥ እንዳይገዛ ተከለከለ። ወደ ኢጣሊያ እንዳይላኩ ከተከለከሉት ነገሮችም ጥሬ ጎማ፣ ኒኬል፣ አሉሚኒየምና የጭነት እንስሳት ይገኙበታል።

የዝርዝሩን ትርጉም ለመረዳት በውስጡ ያልተጻፈውን መፈለግ ያስፈልጋል። ነዳጅ ዘይት አልነበረበትም፤ የድንጋይ ከሰልም፣ ብረትም አልነበሩበትም። አሉሚኒየም የተከለከለው ኢጣሊያ ራሷ በብዛት የምታመርተው ሆኖ ሳለ ነው። አውሮፕላኑንና የጭነት መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ዘይት ከሩማኒያና ከሶቭየት ኅብረት፣ እንዲሁም የማኅበሩ አባል ካልሆነችው ከአሜሪካ መድረሱን አላቋረጠም። የሱዌዝ ቦይም ስላልተዘጋ ወታደርና መርዝ የጫኑት መርከቦች ቀረጣቸውን እየከፈሉ አለፉ። የጀርመን መንግሥት አስተርጓሚ የነበረው ጳውል ሽሚት እንደ ጻፈው፣ ሙሶሊኒ በኋላ በሙኒክ ጉባኤ ጊዜ የነዳጅ ማዕቀብ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደ ነበር ለሂትለር አጫውቶታል።

በሌላ በኩል የጦር መሣሪያ ሽያጭን በሁለቱም ወገኖች ላይ የመከልከል ፖሊሲ ነበር። እንግሊዝ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ይህንኑ ስታደርግ፣ የአሜሪካ የገለልተኝነት ሕግ ደግሞ በነሐሴ 25 ቀን ወጣ። ነገሩ ለአፍ ሲናገሩት ፍትሕ ይመስላል። ኢጣሊያ ግን መሣሪያዋን በራሷ ፋብሪካ ታመርታለች፤ ኢትዮጵያ ከውጭ ካልገዛች ጥይት እንኳ አልነበራትም። እኩል ባልሆኑ ወገኖች ላይ የተጣለ እኩል ክልከላ ለአጥቂው እንደ ተሰጠ እርዳታ ሆኖ አገልግሏል።

5. የፓሪሱ ዕቅድና የአርሲ ደጋ

ኅዳር 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ሆርና ላቫል በፓሪስ የተስማሙበት ዕቅድ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው የድንበር ልውውጥ ሲሆን፣ ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለኢጣሊያ ተሰጥቶ ለኢትዮጵያ በምትኩ ወደ ባሕር መውጫ መሬት እንድታገኝ የሚል ነው። ሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይታለፋል። በደቡብ ኢትዮጵያ «የኢኮኖሚ ማስፋፊያና የሰፈራ ክልል» ተቋቁሞ ለኢጣሊያ ብቻ እንዲጠበቅ፣ ወሰኑም በሰሜን ስምንተኛው የኬክሮስ መስመር፣ በምዕራብ 35ኛው የኬንትሮስ መስመር እንዲሆን ይደነግጋል።

የአሰላ፣ የቦቆጂ፣ የጭላሎና የካካ ተራራ ምድር በሙሉ፣ ከዚያም ወደ ባሌ፣ ወደ ሲዳሞና ወደ ቦረና የሚዘልቀው አገር በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቅ ነበር። በወረቀቱ ላይ ሉዓላዊነቱ የኢትዮጵያ ሆኖ እንዲቀር ተጽፏል፤ በተግባር ግን የስንዴውና የገብሱ መሬት ለኢጣሊያ ሰፋሪና ኩባንያ እንዲከፈት ታስቦ ነበር። በኅዳር ወር የጦር ግንባሩ በትግራይና በኦጋዴን እንጂ በአርሲ አልነበረም። የኢጣሊያ ወታደር ያልረገጠው ደጋ በአስታራቂዎች እርሳስ ተቆርሶ ቀረበ ማለት ነው። በዚያው ወቅት የአርሲ ዘማች በደጃዝማች ነሲቡ ዛማኔል አዛዥነት በኦጋዴን ተሰልፎ ነበር።

ዕቅዱ ታኅሣሥ 3 ቀን በፓሪስ ጋዜጦች ላይ ወጣ። የእንግሊዝ ሕዝብ ባሰማው ቁጣ ምክንያት ሆር ታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ዕቅዱም ተጣለ። ይህ ድርጊት ሁለት ነገር ያስተምራል። በአንድ በኩል ነፃ ጋዜጣና የነቃ ሕዝብ የመንግሥትን ስምምነት ሊሽር መቻሉን ያሳያል። በሌላ በኩል ግን ሕዝቡ ዕቅዱን ካስጣለ በኋላ የነዳጁ ማዕቀብ ሳይጨመር ቀርቷል። ቁጣው አንድን መጥፎ ነገር አስቀረ እንጂ የሚያስፈልገውን ነገር አላስገኘም።

6. በደቡብ ግንባር የታየው ማስረጃ

መርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለውን የጄኔቭ ስምምነት (ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም.) ኢጣሊያ ፈርማ በ1920 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ግን በሰሜን በተከዜ ግንባር፣ በደቡብም በግራዚያኒ ትእዛዝ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ተጣለ።

ታኅሣሥ 20 ቀን በገናሌ ዶርያ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ዲዳ በተባለ ስፍራ፣ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ቁስለኞች ሲያክም የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ። መሪው ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ቆሰለ፤ ረዳቱ ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ፤ ብዙ ታካሚዎችም አለቁ። የኢጣሊያ ፕሮፓጋንዳ ድርጊቱን በኦጋዴን ተማርኮ ለተገደለው አውሮፕላን ነጂ ለሚኒቲ የተወሰደ ብድር አድርጎ አቀረበው፤ ኢትዮጵያውያን የቀይ መስቀልን ምልክት ለጦር ሥራ ይጠቀሙበታል የሚል ክስም አከለበት። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በቆረም የዶክተር ጆን ሜሊ የእንግሊዝ ሆስፒታል ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰበት።

ማስረጃው እጅግ ብዙ ነበር። ሐኪሞቹ የተቃጠለውን ገላ በእጃቸው አክመዋል፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ወኪል ዶክተር ማርሴል ጁኖም በዐይኑ አይቷል። ነገር ግን የቀይ መስቀል ኮሚቴ «ገለልተኛ ነኝ» በማለት ያለውን ማስረጃ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነም። ፕሮፓጋንዳው ድል ያደረገው እውነቱ ስላልታወቀ አልነበረም፤ እውነቱን የያዙት ሰዎች ሊፈረድበት ወደሚገባው ሸንጎ ስላላደረሱት ነው።

7. ከጄኔቭ ሸንጎ በኋላ

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ሸንጎ ፊት በአማርኛ ሲናገሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያውኳቸው ሞከሩ። ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ። እንግሊዝ ኅዳር 7 ቀን 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ግዛት በይፋ ዕውቅና ሰጠችው። ዕውቅና ከነፈጉት ጥቂት አገሮች መካከል ሜክሲኮ፣ ቻይና፣ ሶቭየት ኅብረት፣ አሜሪካና ኒው ዚላንድ ይገኛሉ፤ የአዲስ አበባው የሜክሲኮ አደባባይ ስምም የዚህ መታሰቢያ ነው።

ወራሪው ኃይል ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ አገሪቱን በጎሣና በሃይማኖት መስመር ከፋፈለ፤ የአርሲ ምድር በሐረር ገዥነት ሥር ገባ። ሕጉ በየገዥነቱ የሚያስተምሩባቸውን ቋንቋዎች ሳይቀር ወስኗል። ልጅ በእናቱ ቋንቋ መማሩ በራሱ መልካም ነው፤ የወራሪው ሐሳብ ግን አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ ማድረግ ነበር። በአርሲና በአካባቢው የነበረው ትግል በዚህ አልቆመም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎገቲ በተደረገው ጦርነት ደጃዝማች ገብረ ማርያምና ደጃዝማች በየነ መርዕድ ወደቁ፤ ራስ ደስታም ከአምስት ቀን በኋላ ተይዘው ተገደሉ። በ1933 ዓ.ም. የበልግ ወራት ደግሞ የአርበኛውና የእንግሊዝ ጦር ድል በርትቶ ሳለ የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ አዋሽን መልካሳ ላይ ተሻግሮ በአሰላ በኩል ወደ ሻሸመኔ ዘለቀ።

ምዕራባውያን ለፕሮፓጋንዳው መልስ የሰጡት የራሳቸው ጥቅም በተነካ ጊዜ ነው። ኢጣሊያ ከ1926 ዓ.ም. ጀምሮ ከባሪ ጣቢያ በዐረብኛ ታሰራጭ ነበር። ስርጭቱ የእንግሊዝን ሥልጣን በመካከለኛው ምሥራቅ ስለ ነቀፈ ቢቢሲ ታኅሣሥ 25 ቀን 1930 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የውጭ ቋንቋ አገልግሎት በዐረብኛ ከፈተ። ስለ ኢትዮጵያ ሲል ሳይታክት የተሟገተው የሲልቪያ ፓንክረስት ጋዜጣ ነበር፤ እርሱም የአንዲት ሴት ጥረት እንጂ የመንግሥት ሥራ አልነበረም።

8. የዩክሬን ወረራ በንጽጽር

ኅዳር 26 ቀን 1987 ዓ.ም. ዩክሬን በግዛቷ የነበረውን የኑክሌር መሣሪያ ለመተው ስትስማማ ሩሲያ፣ እንግሊዝና አሜሪካ ድንበሯን እንደሚያከብሩ በቡዳፔስት ፈረሙላት። በ2006 ዓ.ም. ሩሲያ ክሪሚያን ወሰደች፤ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በመላ አገሪቱ ላይ ወረራ ከፈተች። ድርጊቱን «ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ» ብላ ሰየመችው፤ በአገሯ ውስጥ ስለ ጦሩ ከመንግሥት ቃል ውጭ የሚናገረውን የሚያስቀጣ ሕግም አወጣች። ሙሶሊኒ ወረራውን የሥልጣኔ ተልእኮ እንዳለው ሁሉ፣ እዚህም ጎረቤትን ነፃ የማውጣት ስም ተሰጥቶታል።

የምዕራባውያን ምላሽ ከ1928ቱ በሦስት ነገር ተለይቷል። አንደኛ፣ አሜሪካና እንግሊዝ የጦር መረጃቸውን ከወረራው በፊት ለሕዝብ ስለ ገለጹ ወራሪው ሊያቀርበው ያሰበው ሰበብ አስቀድሞ ተጋለጠ። ሁለተኛ፣ መሣሪያን በሁለቱም ወገኖች ላይ በመከልከል ፈንታ ለተጠቃው ወገን ሰጡ። ሦስተኛ፣ የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ በውጭ ያስቀመጠውን ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ሀብት አገዱ። በቡቻ ከተማ ሲቪሎች ተገድለው በተገኙ ጊዜ ሩሲያ ብትክድም ከሳተላይት የተነሡ ሥዕሎች ክህደቱን አፈረሱት። መጋቢት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በሩሲያ ፕሬዚዳንት ላይ የመያዣ ትእዛዝ አወጣ።

ተመሳሳይነቱም ሊሸሸግ አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት በባሕር የሚመጣውን የሩሲያ ድፍድፍ ዘይት ያገደው ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ወረራው በተከፈተ ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው፤ ጋዙ ከዚያም በኋላ ወደ አውሮፓ መፍሰሱን አላቆመም። የሩሲያን የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስርጭት መከልከልም በአውሮፓ ያለውን ጆሮ ዘጋ እንጂ በአፍሪካ ለሚነገረው መልስ አልሆነም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የዐድዋ ድል በሚታሰብበት ዕለት፣ በ141 ድጋፍ፣ በ5 ተቃውሞና በ35 ድምፀ ተዓቅቦ ወረራውን ሲያወግዝ ኢትዮጵያ ድምፅ ሳትሰጥ ቀርታለች። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ከመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ጀምሮ የቆየው ወዳጅነትና የ1928ቱ ክህደት ትዝታ በሕዝቡ አስተያየት ላይ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ወታደር ትቀጥራለች የሚል ወሬ ተነዝቶ ብዙ ወጣቶች በአዲስ አበባ በሩሲያ ኤምባሲ በር ሲሰለፉ፣ ኤምባሲው ራሱ ወሬውን ለማስተባበል ተገዷል።

ጦርነቱ ለአርሲ ደጋ ሩቅ አልነበረም። የማዳበሪያ ዋጋ መናር ስንዴ አምራቹን ገበሬ በቀጥታ ነክቷል። ሐምሌ 15 ቀን 2014 ዓ.ም. በጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ከተፈረመ በኋላ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ የጫነች መርከብ ነሐሴ 10 ቀን ለኢትዮጵያ ርዳታ ተነሥታለች። ሩሲያ ከአንድ ዓመት በኋላ ከስምምነቱ ወጣች። የእህሉና የማዳበሪያው ዋጋ በማን ምክንያት ናረ የሚለው ጥያቄ ራሱ የፕሮፓጋንዳ ሜዳ ሆኖ ነበር። አንዱ ማዕቀቡን፣ ሌላው የወደቦቹን መዘጋት ይወቅሳል።

9. ማጠቃለያ

ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት «ምዕራባውያን ከሃዲዎች ናቸው» ወይም «ምዕራባውያን ተምረዋል» በሚል አጭር ፍርድ የሚቋጭ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የተበደለ ሕዝብ የዛሬውን ወረራ በወዳጅና በጠላት ስም ሳይሆን በዚያው በጄኔቭ በጠየቀው ሚዛን ሊመዝነው ይገባል። ሚዛኑም ድንበርን በኃይል መለወጥ የተከለከለ ነው የሚለው ነው። ምላሽ ሰጪውም የሚለካው በሚያሰማው ንግግር ሳይሆን ከማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ ባስቀረው ነገር ነው።

በመሆኑም በታሪክ ትምህርት ሰዓት የሚከተሉት ሥራዎች ቢደረጉ ይጠቅማሉ። መምህሩ የኢትዮጵያን ካርታ አቅርቦ ተማሪዎቹ ስምንተኛውን የኬክሮስ መስመር እንዲያሠምሩና የትውልድ ስፍራቸው በየትኛው ወገን እንደሚውል እንዲለዩ ያድርግ። የኢጣሊያን የክስ መግለጫ ሲያስተምር በውስጡ እውነት የሆነውን ነገርና ከእውነቱ ጋር ተያይዞ የገባውን የሐሰት መደምደሚያ ለይተው እንዲጽፉ ይጠይቅ። የማዕቀቡን ዝርዝር አንብበው የጎደለውን እንዲፈልጉ ያሠራ። ጦርነቱን ያዩ ሽማግሌዎች እጅግ ጥቂት ቀርተዋል፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን በዴራ፣ በሁሩታ፣ በሲሬና በኢተያ ይገኛሉ፤ ተማሪዎች ከእነርሱ የሰሙትን በጽሑፍ ቢያቆዩ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መነሻ ይሆናል።

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች በበኩላቸው ለእነዚህ ሥራዎች የሚሆን በቂ ክፍለ ጊዜ እንዲመድቡና ዋና ዋናዎቹ ሰነዶች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተተርጉመው ለየትምህርት ቤቱ እንዲደርሱ ማሰብ ይገባቸዋል። የዴራ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ እስከ አሰላ የሚወስደውን መንገድ ያውቀዋል፤ በዚያ መንገድ ላይ ሊሠመር የነበረውን ወሰንም፣ ማን እንዳሠመረውና ለምን እንደ ቀረ፣ ማወቅ አለበት።